«ማንም እጁን ይዞ አላስገባውም»፦ በሀዋሳ ፑል ቤቶች ላይ የተነሣ ክርክር

የአቶቴዋ እናት
ባለፈው እሑድ በሠፈራችን ስብሰባ ላይ፣ ልጆቻችን በፑል ቤት ገንዘባቸውን እየተበሉ ነው ብለን አቤት ስንል አንድ ባለቤት ተነሥቶ «ማንም እጁን ይዞ አላስገባውም» አለን። አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ወንዶች አጨበጨቡለት። እኔ ጨዋታውን አልጠላም። ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሁለት ሦስት ዙር ተጫውቶ ቢመለስ ደስ ይለኛል። የምናገረው ከመሸ በኋላ መጋረጃ ተጋርዶ የአንድ ወር ደመወዝ በአንድ ጨዋታ ስለሚመደብበት ቤት ነው። ለዚያ ያጨበጨበ ሰው እዚህ ገጽ ላይ ካለ ምክንያቱን ይንገረኝ።

ባለጠረጴዛ
እናቴ፣ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። እኔም ፑል ቤት አለኝ። የቤት ኪራይ እከፍላለሁ፣ ግብር እከፍላለሁ፣ የጠረጴዛው ጨርቅ ባለቀ ቁጥር አስቀይራለሁ። ደንበኛ ይመጣል፣ ይጫወታል፣ የተሸነፈ ሒሳብ ይከፍላል። ይህ ከከረንቡላ ዘመን ጀምሮ የነበረ ወግ ነው። ከዚያ ውጭ ሁለት ሰዎች ተስማምተው በቴሌብር ገንዘብ ቢላላኩ ስልካቸውን ልፈትሽ? ሰውየው እውነቱን ነው የተናገረው። ልጅዎን ማንም እጁን ይዞ አላስገባውም።

የጥቁር ውኃው
እጅ አያያዙን እኔ ልንገርህ፤ ዓመታት ሙሉ ዳር ቆሜ አይቼዋለሁና።

እንግዳው ሰውዬ ይመጣል። በትንሽ ገንዘብ ይጀምራል፣ ይሸነፋል። ነጩን ኳስ ሆን ብሎ ጉድጓድ ይከትታል። የራሱን ሰባት ኳሶች ጨርሶ ስምንት ቁጥሩ፣ ጥቁሩ፣ ብቻ ሲቀረው በጣት ስፋት ይስታል። ጠረጴዛው ዘመመ ብሎ ያማርራል፣ ቢራ ይጨምራል። ልጁ እየረታ ነው፤ ደስ ብሎታል። ከተመልካቹ መካከል ያለው የሰውየው ተባባሪ ደግሞ ልጁን ትከሻውን ይዞ «አንተ ትበልጠዋለህ፣ እኔም በአንተ ላይ አስይዛለሁ» ይለዋል። መደቡ፣ ማለትም የሚያዘው ገንዘብ፣ ከፍ ይላል። ሰውየው «በግራ እጄ ልጫወትልህ» ወይም «ሁለት ኳስ ልልቀቅልህ» ይላል፤ ልጁ የተጠቀመ ይመስለዋል። ከዚያ ሰውየው ያሸንፋል፤ ግን ሁልጊዜ በአንድ ኳስ ብቻ ነው። በሰፊው ቢያሸንፍ ልጁ ነቅቶ ይወጣል። በአንድ ኳስ ሲሆን ግን «ዕድል ነው፣ በሚቀጥለው እመልሳለሁ» ይላል። ስልኩ የሚያዘው በዚህ ጊዜ ነው። ሾፌር ከሆነ ለባጃጁ ባለንብረት የሚያስገባው የቀኑ ገቢ የሚያልቀውም በዚህ ጊዜ ነው።

ትከሻን መያዝ እጅን ከመያዝ በምን ይለያል?

ባለጠረጴዛ
ይህን የሚያደርጉት ከአዳማና ከሻሸመኔ በአውቶቡስ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። የሀዋሳ ልጅ በገዛ ሠፈሩ ይህን አይሠራም። እኔም እንግዳውን ሁሉ መታወቂያ ልጠይቀው አልችልም።

ከአዳማ
ይህን ቃል አንሣልን። አዳማ የጅቡቲ መስመር ሾፌር የሚያድርባት፣ የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት አካባቢ የሚደረስባት ከተማ ናት። አጭበርባሪ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ወዳለበት ይሄዳል፤ የእኛም ልጆች በዚሁ መንገድ ተበልተዋል። አንተ ቤት ውስጥ ለሚሆነው ነገር አዳማ ምን አደረገች?

የታቦር ወጣት
ሁላችሁም ስለ ሌብነት ብቻ ታወራላችሁ። ፑል ዓይንን፣ ትዕግሥትንና ስሌትን የሚፈልግ ጨዋታ ነው። ፊሊፒናዊው ኤፍሬን ሬየስ ያደገው በማኒላ በአጎቱ ፑል ቤት ነው። በልጅነቱ በገንዘብ ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ሆንግ ኮንግ ላይ አሜሪካዊውን ኧርል ስትሪክላንድን 120 ለ117 ረትቶ 100,000 ዶላር ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ያንን ፑል ቤት የሠፈሩ ሰዎች ዘግተውት ቢሆን ኖሮስ? እዚህ ታቦር ተራራ ግርጌ የምንጫወትበት ሜዳ የት አለ? ሁሉም ታጥሮ ተሸጠ። ፑል ቤት ይዘጋ የሚል ሰው መጀመሪያ ሜዳችንን ያስመልስልን።

የጥቁር ውኃው
የሬየስን ታሪክ ካመጣኸው ሙሉውን አምጣው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሂዩስተን ገብቶ ውድድር ያሸነፈው «ሴዛር ሞራሌስ» በሚል ሐሰተኛ ስም ነበር፤ ዝናው ቀድሞት ስለነበር ማንነቱን ደበቀ። እርግጥ የረታቸው ገንዘብ አስይዞ መጫወት ሥራቸው የሆነ አዋቂዎች ነበሩ። እኛ የምንናገረው ግን ስለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሁለቱን አታቀላቅል።

የታቦር ወጣት
የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በአደባባይ በተከፈተ የስፖርት ውርርድ ቤት ገንዘቡን ሲያስይዝ ለምን ስብሰባ አትጠሩም? ፑል ላይ ቢያንስ የራሴ እጅ ይወስናል። እንግሊዝ ሀገር ለሚጫወት ቡድን ገንዘብ ማስያዝ ነው ወይስ ይህ የባሰ?

መምህሩ
ውርርድ ቤቱም መልካም ነው ያለ የለም። ሆኖም ፈቃድ ሲሰጥ የኖረው አካል ይታወቃል። እሱም ከ1954 ጀምሮ ሎተሪ ሲያወጣ የኖረው ብሔራዊ ሎተሪ ነው። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ ከዕድል ጨዋታ የተገኘ ገቢ ከ1000 ብር ሲበልጥ 15 በመቶ ግብር እንዲከፈልበት ተደንግጎ ነበር። በመጋረጃ ውስጥ የሚመደበውን ግን ማን ይቆጥረዋል? የተጭበረበረውስ ለማን አቤት ይላል?

ባለጠረጴዛ ደግሞ ይህን ስሌት ተመልከት። ሁለት እኩል ችሎታ ያላቸው ልጆች 500፣ 500 ብር መደቡ እንበል። ቤቱ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ከ1000 ብሩ 100 ያነሣል። አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው እየረታ አሥር ጨዋታ ቢሄዱ ቤቱ 1000 ብር ሰብስቧል፤ ሁለቱ ልጆች ለአንድ ጨዋታ የመደቡት ገንዘብ በሙሉ ማለት ነው። አጭበርባሪ ባይኖርም እንኳ የሚያሸንፈው ቤቱ ነው።

ባለጠረጴዛ
መምህር፣ ሁሉም ቤት መቶኛ ያነሣል ያለዎት ማን ነው? እኔ የምወስደው የጠረጴዛ ሒሳብ ብቻ ነው።

የጥቁር ውኃው
መደቡን ማን ይይዘዋል? ሁለቱ አይተማመኑም፤ ስለዚህ ገንዘቡ ባንኮኒ ላይ ለባለቤቱ ይሰጣል። ሲያልቅ ለአሸናፊው የሚያስረክበው ባለቤቱ ነው። ስልክ ተይዞ ብር የሚበደረውም ከዚያው ባንኮኒ ነው። ይህን ሁሉ በእጁ እየቆጠረ «እኔ ምን አውቃለሁ» የሚል ሰው አላምንም።

ባለጠረጴዛ
መደብ ይዤ አውቃለሁ፤ አልክድም። ካልያዝኩት በጠብ ይጨርሱታል፤ ጠርሙስ ይሰባበራል፣ ደም ይፈሳል። ይዤው ሰላም መሆኑ አይሻልም? ብከለክላቸው ደግሞ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለው ሌላ ቤት ይሄዳሉ። ልጁ እዚያም ይበላል፣ የእኔም ኪራይ አይከፈልም።

የአቶቴዋ እናት
ልጄ፣ ይህን በቅንነት በመናገርህ አከብርሃለሁ። ነገር ግን ደም የሚፈሰው ገንዘቡ ስለተመደበ ነው። ገንዘቡ ከሌለ በምን ይጣላሉ? የሦስት ልጆች እናት የሆነች ጎረቤቴ ለመመዝገቢያ የሰጠችው ገንዘብ በአንድ ሌሊት አልቆባት ልጇ ለሳምንት ቤት አልገባም፤ ከእኔ ጋር ሆና ፈልጋዋለች። የሌላው ቤት ባለቤት ሲመጣ እሱንም እጠይቀዋለሁ። አሁን የምጠይቅህ አንተን ነው። ተማሪ መደብ ሲያመጣልህ «አልይዝም» ትላለህ ወይስ አትልም?

የታቦር ወጣት
ተማሪ መሆኑን በምን ያውቃል? ዩኒፎርሙን አውልቆ ነው የሚመጣው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ ተማሪ ይሉኛል። እናንተ የምትፈልጉት ሁላችንም ቤት እንድንቀመጥ ነው።

መምህሩ
ማንም ቤት ተቀመጥ አላለህም። መጋረጃው ይነሣ፣ በምሽት የሚዘጋበት ሰዓት ይታወቅ፣ ባንኮኒው መደብ አይያዝ። ከእነዚህ በየትኛው ትጎዳለህ?

የታቦር ወጣት
በሰዓቱ። ቀን እሠራለሁ፤ የምጫወተው ማታ ነው።

ባለጠረጴዛ
እናቴ፣ ለእርስዎ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት እመልሳለሁ። የጥቁር ውኃው ግን ዓመታት ሙሉ ዳር ቆሞ ያየውን ያኔ ለምን ለልጆቹ አልነገራቸውም?

የጥቁር ውኃው
ነግሬያቸዋለሁ። በመንገሬ ከአንድ ቤት ተባርሬያለሁ፤ ያባረረኝም መደቡን የያዘው ሰው ነው።

ከአዳማ
ስለ አዳማ የተጻፈው እስካሁን አልተነሣም። እየጠበቅሁ ነው።