አስቸኳይ! የስፔክትረሙ ካሴት አልጫን አለኝ፣ ነገ ጠዋት ልጆች ይመጣሉ

የቅዳሜ መምህር፣ ዓርብ ከምሽቱ 3፡10
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እስካሁን ያልተኛ ካለ እባካችሁ ይርዳኝ። ነገ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ልጆቹ ይመጣሉ፣ ስፔክትረም የሚባለው አሮጌ ኮምፒውተር ጨዋታውን ከካሴት ነው የሚጭነው፣ ካሴቱ ግን አልጫን ብሏል። ከ12 ሰዓት ጀምሮ እየታገልኩት ነው። የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቀይና ውሃ ሰማያዊ መስመር ይሮጣል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ዝም። አንዳንዴ ደግሞ ስሙን ካወጣ በኋላ "አር ቴፕ ሎዲንግ ኤረር" (ካሴቱን ስጭን ስህተት ገጠመኝ) ብሎ ይቆማል። ባለፈው ሳምንት አንድ ጊዜ ተጭኖልኝ ነበር። ያኔም ስዕሉ በአንዴ አልወጣም። መስመር በመስመር እየተሳለ መጣ፣ ቀለሙም ቀስ እያለ ነው የሞላው። ስለዚህ ሜሞሪው ተበላሽቷል ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ወይስ ካሴቱ ነው የሞተው? ሎንደን ውስጥ ጠዋት በማለዳ ሌላ ካሴት የት ይገኛል?

ሌሊት ፈረቃ
መምህር፣ የቱ ማሽን ነው? የቱ ጨዋታ? በምን ቴፕ? ገመዱስ እንዴት ነው የተሰካው? እነዚህን ሳትነግረን ምንም ማለት አንችልም።

የቅዳሜ መምህር
ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው። ዜድ ኤክስ ስፔክትረም፣ ባለ 48 ኬው (48 ኪሎባይት ሜሞሪ ያለው)፣ ቁልፎቹ ጎማ የሆኑት። ጨዋታው ዘ ሆቢት፣ የ1982ቱ። እየጻፍክ የምትጫወተው፣ ስዕል ያለው። ቴፑን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው የገዛሁት። የአማርኛ ቅዳሜ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ልጆቹ ማሽኑን በቃል ሲያዙት እንዲያዩ ፈልጌ ነው። "በሩን ክፈት" ብለህ ስትጽፍ በሩ ይከፈታል። ከዚያ ያንኑ ጨዋታ በአማርኛ በወረቀት እናዘጋጀዋለን ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። 11 ልጆች ናቸው።

የካዛንቺስ ልጅ
በመጀመሪያ ካሴቱን አውጥተህ በቢክ እስኪርብቶ አጠንጥነው። እኛ ቤት ይሄ ያላዳነው ካሴት የለም! ሌላው፣ ሎድ የሚለውን የመጫኛ ትእዛዝ ፊደል በፊደል እንዳትጽፈው። የጄን ቁልፍ ስትጫን ቃሉ ራሱ ይወጣል። ከዚያ ሲምቦል ሺፍትን ይዘህ ፒን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ኢንተር።

የቅዳሜ መምህር
እሱንማ አውቃለሁ ወንድሜ። ስሙ ድረስ ይመጣል እኮ።

ቺፕ ለዋጭ
ሜሞሪ ነው። የነዚህ ማሽኖች የታችኛው ሜሞሪ 4116 የሚባሉ 8 ቺፖች ናቸው። ሦስት ዓይነት ቮልቴጅ ይፈልጋሉ፣ 5፣ 12 እና ኔጌቲቭ 5። ኔጌቲቩ ሲጠፋ ቺፖቹ ይቃጠላሉ። የስክሪኑ ስዕልም እዚያው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ስዕሉ ቀስ ካለ ምክንያቱ ይሄው ነው። ፍታውና ስምንቱንም ቀይር።

ፕሮግራመሯ
ኧረ በናትህ አታስፈታው! ነገ ጠዋት ልጆች ይመጣሉ እያለ? መምህር፣ ማሽኑን ስትከፍተው "© 1982 ሲንክሌር ሪሰርች" የሚለው ጽሑፍ ከታች በኩል ጥርት ብሎ ይወጣል?

የቅዳሜ መምህር
አዎ፣ ሁልጊዜ። ነጭ ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ።

ፕሮግራመሯ
እንግዲያው ስለ ሜሞሪው አትጨነቅ። ማሽኑ ያንን ጽሑፍ ከማውጣቱ በፊት ሜሞሪውን ይፈትሻል። የታችኛው ሜሞሪ ቢሞት ኖሮ ዝንጉርጉር ስክሪን ታይ ነበር። ስዕሉ መስመር በመስመር መምጣቱም ብልሽት አይደለም። ጨዋታው የተሠራው እንደዚያ ነው። እንዲያውም ለልጆቹ ልታሳያቸው የሚገባው ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። የስፔክትረም ስክሪን 256 በ192 ነጥብ ነው። አንድ ሙሉ ስዕል 6,912 ባይት ይይዛል፣ 6,144 ለነጥቦቹ፣ 768 ለቀለሙ። ስዕሎቹ 20 ቢሆኑ 138,240 ባይት ነው። ማሽኑ ያለው ሜሞሪ ግን በጠቅላላው 49,152 ባይት ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ጽሑፉ፣ ቃላቱ፣ ገጸ ባሕርያቱ፣ ራሱ ፕሮግራሙ አለ። ስለዚህ ስዕሉ እንደ ፎቶ አልተቀመጠም። የተቀመጠው ትእዛዙ ነው። "ከዚህ እስከዚያ መስመር ሳብ፣ ይሄን ቦታ አረንጓዴ ሙላ" የሚል። ጥቂት ቁጥሮች ይበቁታል። አንተ ያየኸው ማሽኑ በየቦታው ስዕሉን እንደ አዲስ ሲስለው ነው። ከፊትህ ተቀምጦ የሚስል ሰዓሊ በለው።

ቀለም ከቀለም ሲነካካ ብታይም አትደንግጥ። ስክሪኑ 32 በ24 ትንንሽ ሳጥኖች ተከፍሏል። በአንድ ሳጥን ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ አይገባም። ሦስተኛው ከመጣ አንዱን ይገፋዋል።

ሲያትል ነኝ
እኔ የማይገባኝ፣ ለምን ትደክማለህ? ላፕቶፕህ ላይ ፊውዝ የሚባለውን ኢሙሌተር (የድሮውን ማሽን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም) ጫንና ጨርስ። ልጆቹ ስዕሉን ነው የሚያዩት፣ ቴፑን አይደለም። ደግሞ የስዕል ጽሑፍ ጨዋታ ከፈለግክ መነሻው ስፔክትረም አይደለም፣ አፕል ሁለት የሚባለው ኮምፒውተር ነው። ሮበርታ ዊልያምስና ባሏ ኬን በ1980 ሚስትሪ ሃውስን አወጡ። ጽሑፍን ከስዕል ጋር ያጋባው የመጀመሪያው የኮምፒውተር ጨዋታ እሱ ነው። ከ70 በላይ ስዕል አለው፣ ሁሉም በነጭ መስመር ብቻ። እነሱም የገጠማቸው ችግር ያው ነው። የአፕል ሁለት አንድ ስዕል ስክሪን ላይ 8 ኬ ይይዛል፣ 70 ስዕል ደግሞ በዚያ ዘመን ፍሎፒ ላይ ጨርሶ አይገባም። እሷ ስዕሉን በእጅ በሚንቀሳቀስ መሣሪያ እየተከተለች ነጥቦቹን ብቻ አስቀመጠች። በዚያው ዓመት ባለ ቀለሙን ዊዛርድ ኤንድ ዘ ፕሪንሰስን አስከተሉ። ልጆቹ ይሄን ታሪክ ቢሰሙ ጥሩ ነው፣ በተለይ ሴቶቹ።

የቅዳሜ መምህር
እህቴ፣ ታሪኩን እነግራቸዋለሁ፣ አመሰግናለሁ። ኢሙሌተሩን ግን አልፈልግም። ልጆቹ ቤታቸው ሁሉም ነገር ወዲያው ይከፈትላቸዋል። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለው ድምፁን እየሰሙ እንዲጠብቁ ነው የምፈልገው።

ሲያትል ነኝ
እሺ፣ ገባኝ። ግን ለመጠባበቂያ ጫነው። 11 ልጅ ባዶ ስክሪን ፊት አታስቀምጥ።

ሬዲዮ ሠሪው
ልጄ፣ እኔ ፒያሳ 14 ዓመት ቴፕ ጠግኛለሁ። ኮምፒውተር አላውቅም። የጻፍከውን ሳነብ ግን ችግሩ የማሽኑ አይመስለኝም፣ የቴፑ ነው። በጥሞና አንብብ፣ አትቸኩል።

አንደኛ፣ ሄዱን፣ ማለትም ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ አጽዳ። ጥጥ ላይ ንጹሕ አልኮል አድርገህ። ሽቶ አይደለም፣ ዘይትም አይደለም። ካሴቱን የሚጎትተውን የጎማ ጥቅልልም አብረህ ጥረገው፣ እሱ ከቆሸሸ ፍጥነቱ ይዛባል። ባትሪ ላይ ከሆነ ወደ መብራት ቀይር።

ሁለተኛ፣ ገመዱን ሁሉ ንቀልና ካሴቱን በድምፅ ማጉያው አጫውት። ምን ይመስላል? ጆሮ የሚወጋ፣ ጥርት ያለ ጩኸት ነው? ወይስ በትራስ እንደታፈነ ሰው ድምፅ ነው? የታፈነ ከሆነ ሄዱ ተዛንፏል። የድሮ ዘፈን ሲታፈንብን የምናደርገውን ታደርጋለህ። ከሄዱ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። አንዱ ጥብቅ ነው፣ እሱን አትንካው። ሌላው ስፕሪንግ ያለበት ነው። የነበረበትን ቦታ በእስኪርብቶ ምልክት አድርግ። ከዚያ ካሴቱ እየተጫወተ በትንሽ ካቻቪቴ በጣም በጥቂቱ አዙረው። ከሩብ ዙር አትለፍ። ድምፁ ስል ብሎ ከፍ ያለበት ቦታ ላይ አቁም። ያ ካሴት የተቀዳበት ቴፕ ሄድ እንዴት እንደቆመ የሚነግርህ ጆሮህ ብቻ ነው።

የቅዳሜ መምህር
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አጫወትኩት። ልክ እንዳሉት የታፈነ ነው። በትራስ እንዳሉት።

ሬዲዮ ሠሪው
እንግዲያው ካሴቱ አልሞተም። ሌላ ካሴት አትፈልግ። ስትጨርስ ንገረኝ፣ አልተኛሁም።

የካዛንቺስ ልጅ
ጄ፣ ከዚያ ሲምቦል ሺፍትና ፒ ሁለት ጊዜ!

ሌሊት ፈረቃ
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። ኢር (የማዳመጫው) እና ማይክ (የመቅጃው) የሚሉት ሁለቱም ቀዳዳዎች ላይ ሰክተሃል? ስትጭን የማይኩን ንቀለው። ኢር ብቻ ይቅር። ሁለቱም ከተሰኩ በአንዳንድ ቴፕ ላይ ድምፁ ይመላለስና ማሽኑ ይደነጋገራል። ሁለተኛ፣ ድምፁን ከሙሉው ሦስት አራተኛ ላይ አድርገው፣ ቶን ካለው ወደ ቀጭኑ ጥግ ድረስ።

ጠርዙንም ማንበብ ልመድ። ቀይና ውሃ ሰማያዊ ወፍራም መስመር ተረጋግቶ ሲሮጥ መግቢያውን ሰምቶታል ማለት ነው። ሰማያዊና ቢጫ ቀጫጭን መስመር ሲጨፍር ዳታው እየገባ ነው። ስሙ ወጥቶ ቆይቶ "አር" ካለህ መሀል ላይ አንድ ባይት ስቷል። ስሙ እንኳ ካልወጣ ድምፁ ትንሽ ነው፣ ወይም የጋሼ ብሎን ገና ነው።

የቅዳሜ መምህር፣ 4፡25
ማይኩ ተሰክቶ ነበር! ነቀልኩት። ብሎኑንም ነካሁት። ድምፁ ስል ሲል ፀጉሬ ቆመ። አሁን ስሙ መጣ። ሰማያዊና ቢጫ እየጨፈረ ነው። አንድ ደቂቃ ሄዷል።

ቺፕ ለዋጭ
የማይኩን ገመድ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ። ስለ ቺፑ ያልኩትን ተወው።

የቅዳሜ መምህር፣ 4፡31
አራተኛው ደቂቃ ላይ እንደገና "አር"።

ሬዲዮ ሠሪው
አይዞህ። አራት ደቂቃ መሄዱ ብዙ ነው። ካሴቱን እስከ መጨረሻው ወደፊት አጠንጥነው፣ ከዚያ መልሰው። ጥብቅ ብሎ ይጠቀለላል። ከዚያ ብሎኑን ለፀጉር ያህል ብቻ ወዲያ፣ ካልሆነ ለፀጉር ያህል ወዲህ። ድምፁንም በትንሹ ቀንሰህ ሞክር። አንዳንዴ መብዛቱም ያበላሻል።

ፕሮግራመሯ
እሱ እየሞከረ ሳለ፣ ስለ አማርኛው ጨዋታ ልናገር፣ ሐሳቡ ልቤን ነክቶታልና። መምህር፣ ከዌልስ ጊልሶፍት የሚባል ትንሽ ድርጅት በ1983 ዘ ኲል የሚባል ፕሮግራም አውጥቶ ነበር። ግሬም ዬንድል የሚባል ሰው ነው የጻፈው። ፕሮግራም መጻፍ የማያውቅ ሰው የራሱን የጽሑፍ ጨዋታ እንዲሠራ ነው። ቀጥሎ ዘ ኢለስትሬተር መጣ፣ እሱ ስዕል ይጨምርልሃል፣ ያው በመስመርና በሙላት። ብዙ ወጣት የመጀመሪያ ጨዋታውን የሠራው በዚህ ነው።

ኲል ከእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያዎቹን አራት ፊደላት ብቻ ያያል። ተመሳሳይ ቃላትን በአንድ ቁጥር ያስቀምጣል። በአማርኛ አስበው። "ውሰድ" እና "ውሰጂ" አንድ ቁጥር ያስፈልጋቸዋል። "ቁልፍ"፣ "ቁልፉ"፣ "ቁልፉን" ሦስቱም አንድ ናቸው። እንግሊዝኛው ግሱን ያስቀድማል፣ እኛ መጨረሻ ላይ እናመጣዋለን። ልጆቹ ይሄን ዝርዝር በወረቀት ቢያወጡ ሳያውቁት ሰዋስው ተማሩ ማለት ነው። "ይውሰዱ" ብለው አንቱታውን እንዳይረሱ!

ፊደሉም ይገባል። አንድ ፊደል በ8 በ8 ሳጥን 8 ባይት ነው። 33 በ7፣ 231 ፊደል፣ 1,848 ባይት። ከአንድ ስዕል በጣም ያነሰ ነው። ካሬ ወረቀት ስጣቸውና "ሀ"ን በ8 በ8 ይሳሏት። "ጭ" እና "ጬ" ላይ ሲደርሱ ይጨቃጨቃሉ።

ሲያትል ነኝ
የካሬ ወረቀቱን እኔም ለልጄ አደርገዋለሁ።

ሌሊት ፈረቃ
መምህር፣ ከተጫነልህ በኋላ ሁለት ማሳሰቢያ። የመጀመሪያው ክፍል ምቹ አዳራሽ ነው፣ በምሥራቅ በኩል ክቡ አረንጓዴ በር አለ። "ኦፕን ዶር"፣ ከዚያ "ኢስት" ይበሉ። ሁለተኛው፣ ይሄ ጨዋታ አይጠብቃችሁም። ልጆቹ ሲያስቡ ከቆዩ ጊዜው በራሱ ያልፋል፣ ሌሎቹም ገጸ ባሕርያት በራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ቶሪን ቁጭ ብሎ ስለ ወርቅ ሊዘፍን ይችላል። ስህተት አይደለም። ትሮሎቹ (ግዙፎቹ ጭራቆች) ጋ ግን አይቸኩሉ። ጎህ ሲቀድ ድንጋይ ይሆናሉ፣ ቁልፉ የሚገኘው ያኔ ነው።

እና አንዴ ጥሩ ሆኖ ከተጫነ ድምፁን ላፕቶፕ ላይ ቅዳው። ፋይሉ በዌቭ ይሁን፣ በኤምፒ ስሪ አይደለም። ኤምፒ ስሪ ጆሮ የማይሰማውን ይጥላል፣ ማሽኑ ግን ያንን ይፈልገዋል።

የቅዳሜ መምህር፣ 5፡08
ሦስተኛ ሙከራ። ብሎኑን ለፀጉር ያህል መለስኩት፣ ድምፁንም ቀነስኩ። ሰማያዊና ቢጫ። ሁለት ደቂቃ ከግማሽ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ድምፁን እየሰማች ነው። ትንፋሼን ይዣለሁ።

የካዛንቺስ ልጅ
እኛም!

ሬዲዮ ሠሪው
እጅህን ከቴፑ ላይ አንሳ። ጠረጴዛውንም አትንካው።

ፕሮግራመሯ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9፡00
መምህር? ልጆቹ በሩን ከፈቱ?

ሬዲዮ ሠሪው፣ እሑድ
ብሎኑ ሲረጋ ነጥብ የጥፍር ቀለም አድርግበት፣ እንዳይዞር።