አሚሌዝ የሽሮውን ፕሮቲን የማይነካው ለምንድን ነው?

ጠያቂ (አዘዞ፣ ጎንደር)፦ ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴን ሥነ ሕይወት ሳስጠናት አንድ ጥያቄ አነሣች፤ እንጀራና ሽሮ በአንድ ጉርሻ አብረው ሲገቡ፣ በምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የጤፉን ስታርች እየቆረጠ የሽሮውን ፕሮቲን የሚተወው ለምንድን ነው?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ እህትዎ የጉዳዩን ዋና ነጥብ ነክታለች። አሚሌዝ ኢንዛይም ነው፤ ማለትም በሰውነት ውስጥ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ሞለኪውል። ኢንዛይም ራሱ ፕሮቲን ነው፤ ሰንሰለቱ ሲተጣጠፍ በገጹ ላይ ጎድጓዳ ስፍራ ይፈጠራል፣ እዚያም የሚገባው ቅርጹና የኬሚካል ጠባዩ የሚስማማ ሞለኪውል ብቻ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1894 ይህን በቁልፍና በመቆለፊያ መስሎታል። አሚሌዝ የሚቆርጠው በስታርች ውስጥ ግሉኮስ የተባሉትን ስኳሮች የሚያያይዘውን ትስስር ሲሆን፣ የሽምብራው ወይም የባቄላው ፕሮቲን ግን በፔፕታይድ ትስስር የተያያዙ አሚኖ አሲዶች ስለሆነ ጨጓራ ደርሶ ፕሮቲን ቆራጩን ኢንዛይም ፔፕሲንን፣ ቀጥሎም ከቆሽት የሚመጣውን ሌላ ፕሮቲን ቆራጭ፣ ትሪፕሲንን፣ መጠበቅ አለበት። ትሪፕሲንም ቢሆን የሚቆርጠው ላይሲንና አርጂኒን ከተባሉት አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ ያለውን ትስስር ብቻ ነው፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ጥንቃቄው ነው።

መልስ 2፦ ከዚህም የሚጠልቅ ምሳሌ አለ። የጭድ ሴሉሎስ እንደ ስታርች ሁሉ ከግሉኮስ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን የትስስሩ አቅጣጫ ስለሚለይ የእኛ አሚሌዝ ፈጽሞ አይቆርጠውም። ላምም ብትሆን የምትጠቀምበት በትልቁ ሆዷ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚፈጩላት ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወጡን ቅቤስ ሐሞት ነው የሚፈጨው?

መልስ 1፦ ሐሞት ኢንዛይም አይደለም፤ ስቡን ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይበትነዋል እንጂ ትስስሩን አይቆርጥም። የሚቆርጠው በዋናነት ከቆሽት የሚመጣው ላይፔዝ የተባለው ኢንዛይም ነው።