ክርክር፦ ለመጠለያው የታሸገ ምግብ እንሰብስብ ወይስ ገንዘብ እንስጥ?

ጥያቄውን ያነሳችው (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ በፍልሰታ ጾም ለአካባቢው የቤት አልባዎች መጠለያ የታሸገ ምግብ ትሰበስባለች። ዘንድሮ ሰበካ ጉባኤው ውስጥ ሁለት ተቃውሞ ተነሳ። አንዱ ወገን ምግቡ ይቅርና ገንዘብ እንስጥ ይላል። ሌላው ደግሞ ለመጠለያው መስጠቱ ራሱ ቀርቶ ለራሳችን አዲስ ገቢዎች፣ ማለትም ከአገር ቤት በቅርቡ ለመጡት ሰዎቻችን፣ ይዋል ይላል። እኔ ማሰባሰቡ ይቀጥል ባይ ነኝ። እንደ እስካሁኑ ግን መሆን የለበትም። ምን እንደሚያስፈልጋቸው ሳንጠይቅ ነው የምንወስደው። አምና ዕቃውን ስንለይ ጊዜው ያለፈበት ሽምብራ፣ አፉ የተከፈተ የሩዝ ከረጢትና በፌስታል የተቋጠረ ሽሮ አገኘን። ሽሮውን የሰጠችው እናት ከልቧ ነው የሰጠችው። መጠለያው ግን አልተቀበለውም። ምን ምን እንደገባበት የተጻፈ ነገር የለውም፤ አለርጂ ላለበት ሰው አደጋ ነው።

የሒሳብ ባለሙያው (ቨርጂኒያ)፦ ገንዘብ ይሻላል፣ አራት ነጥብ። እኛ ጣሳውን በችርቻሮ ዋጋ ነው የምንገዛው። የምግብ ባንክ (ለችግረኞች ምግብ የሚያከፋፍለው ድርጅት) በጅምላ ስለሚገዛ በዚያው ብር ብዙ እጥፍ ያመጣል። ገንዘብ አይበላሽም፣ መጋዘን አይፈልግም። ወተትና እንቁላል ይሆናል፤ ሲያስፈልግ ለማቀዝቀዣ ጥገናም ይከፈላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያ ሁሉ ሰው ካርቶን ሲሸከም ከሚውል በዜል፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ ልኮ ይገላገል።

የአራት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ ሒሳቡ ላይ አልከራከርህም። ግን ፍልሰታ የሕፃናት ጾም መሆኑን አትርሳ። ልጆቼ ሳይበሉ ይቆያሉ፣ ይቆርባሉ። ከጾም የተረፈው የድሃ ነው ተብለን ነው ያደግነው። እኔ ስልኬን ነክቼ ብር ስልክ ልጄ ምን ያያል? ሱቅ ወስጄው በራሱ እጅ ሲመርጥና ሲሸከም ግን ይገባዋል። ገንዘቡን እኛ ትልልቆቹ እንጨምርበት። የልጆቹን ግን አትንኩብን።

መጠለያ ውስጥ የምትሠራ (ባልቲሞር)፦ እኔ ሌላ መጠለያ የሌሊት ተረኛ ነኝ። የማየውን ልንገራችሁ። ብዙ መጠለያ ሰዉን ጠዋት ያስወጣል፣ ማታ ይመልሳል። ቀኑን መንገድ ላይ ለሚውል ሰው ፓስታና ደረቅ ምስር ምን ያደርግለታል? ምድጃ የለውም። ወጥ ቤቱ የሚፈልገውና ሰውየው በቦርሳው ይዞት የሚወጣው የተለያየ ነው። ለእሱ ጣሳ ከሆነ መክፈቻ የማይፈልግ፣ ክዳኑ በጣት ተስቦ የሚነሳ ይሁን። ጥርሳቸው ያለቀ ብዙ አሉ፤ ደረቅ ብስኩት መንከስ አይችሉም። ስኳርና ግፊት ያለባቸውም ብዙ ናቸው። ጨው የበዛበት የጣሳ ሾርባ ለእነሱ ጉዳት ነው። ሁሌ የሚጠየቀውና የሚያመጣው የማይገኘው ደግሞ ካልሲ፣ የውስጥ ሱሪና ሞዴስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በታንክስጊቪንግና በገና መደርደሪያችን ይሞላል። ነሐሴ ላይ ግን የሚያስታውሰን የለም። ሰዉ ለእረፍት ይሄዳል፣ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። የእኛ ፍልሰታ የሚውለው ልክ ያኔ ነው። ይህን ጊዜ እባካችሁ አትተዉት።

ታክሲ ነጂው (አሌክሳንድሪያ)፦ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ አልስማማም። የራሳችን ልጆች ሰው ሶፋ ላይ፣ መኪና ውስጥ እያደሩ ነው። ጥገኝነት ጠይቆ ጉዳዩ ያልተወሰነለት ሰው ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም የመንግሥት የምግብ ድጎማ፣ አያገኝም። የሥራ ፈቃድ እስኪመጣለት ወራት ይፈጅበታል። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ጥገኝነት የተፈቀደለትን እንኳ ግሪን ካርድ እስኪይዝ ከፉድ ስታምፕ አስወጥቶታል። መጠለያውን ሌላም ይረዳዋል። የእኛን ሰው ከእኛ ሌላ ማን አለው?

ዲያቆን፦ ጋሼ፣ ጭንቀትዎ የእኔም ነው። ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን እናስታውስ። እስጢፋኖስና ስድስቱ ጓደኞቹ የተሾሙት በምግብ እደላ ምክንያት ነው። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አይሁድ መበለቶቻችን ተዘለሉብን ብለው አጉረመረሙ። ያን ጊዜ ሐዋርያት ምግቡን ለየወገኑ አልከፋፈሉም። ማንም እንዳይዘለል የሚያዩ ሰዎች ሾሙ። ድቁና ከዚያ ማዕድ ጋር ነው የተጀመረው። ጌታም "ተርቤ አብልታችሁኛልና" ሲል የአገሬ ሰው ሆኜ አላለም።

ታክሲ ነጂው፦ ዲያቆን፣ ቃሉን እቀበላለሁ። ግን ጥቅሱ ለእኔም ይሠራል። እዚያ የተዘለሉት እንግዶቹ፣ የሌላ አገር ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ናቸው። ዛሬ እዚህ ከተማ ውስጥ እየተዘለለ ያለው ማነው? ቋንቋው የማይገባው፣ ቅጹን መሙላት የማይችለው የእኛ ልጅ ነው።

መጠለያ ውስጥ የምትሠራ፦ ጋሼ፣ እኛ ጋ የሚያድረው ሌላ ሰው ብቻ አይደለም። ክረምት ላይ አንድ ወጣት ሲመዘገብ አንገቱ ላይ ማተብ አየሁ። በአማርኛ ሰላም አልኩት። አቀርቅሮ ዝም አለ። ኋላ እራት ስሰጠው "እባክሽ ቤተ ክርስቲያን ያሉ ሰዎች እንዳይሰሙ" አለኝ። ለእኛ ሰው ብቻ የሚሆን መዝገብ ቢከፈት ስሙን አያስጽፍም። መጠለያው ግን ስለማንም ሳይጠይቅ ያበላዋል። ደግሞ ስንሰጥ የምንነሳውን ፎቶ አደራ እንተው። ከበስተጀርባ የሚታዩት ሰዎች ዘመድ አላቸው።

የሕግ ተማሪዋ፦ የበሰለ ምግብ እንስጥ የምትሉ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። በቅን ልቦና ለበጎ አድራጎት ድርጅት ጤናማ ምግብ የሰጠን ሰው ከባድ ቸልተኝነት ከሌለበት በቀር ከክስ ይከላከላል። ዲ ሲ ሴንትራል ኪችን የተባለው የዋሽንግተን በጎ አድራጎት ወጥ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ሥራ ሲጀምር ከግብዣ የተረፈ ምግብ እየሰበሰበ ነበር። ለብዙ ዓመታትም የሠራው መሐል ዋሽንግተን ባለ ትልቅ መጠለያ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ግን የየካውንቲው የጤና ደንብ ይለያያል፤ ቤት የተሠራ ወጥ የማይቀበሉ አሉ። ምስር ወጥ ከመሥራታችን በፊት ወጥ ቤቱን እንጠይቅ።

የሲያትሉ፦ ስለ ጣሳ ይህን ያህል ስንከራከር ይገርመኛል። ችግሩ የቤት ኪራይ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 ከተሞች ውጭ የሚያድርን ሰው መቅጣት ይችላሉ ብሎ ወስኗል። ቤተ ክርስቲያን ምክር ቤት ሄዳ ትናገር።

የሕግ ተማሪዋ፦ መናገሩ ልክ ነው። ግን ለመናገር አፍ የሚሰጠው ማብላቱ ነው። ኦሪገን ውስጥ ብሩኪንግስ የምትባል ትንሽ ከተማ በ2021 አብያተ ክርስቲያናት ነፃ ምግብ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ እንዳያበሉ ደንብ አወጣች። አንድ የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ማብላቱን አላቆመም፤ ከተማዋን ከሰሰ። በ2024 የፌዴራሉ ዳኛ ለቤተ ክርስቲያኑ ፈረደ። ሳያበላ ቢሆን ኖሮ በምን ይከስ ነበር?

ጥያቄውን ያነሳችው፦ ሰኞ መጠለያው ጋ ደውዬ የሚፈልጉትን ዝርዝር እቀበላለሁ። ወጥ ቤቱ የሚፈልገውን ለብቻ፣ ሰዉ ይዞት የሚወጣውን ለብቻ አስጽፋለሁ። ዝርዝሩ በአማርኛ ተተርጉሞ በር ላይ ይለጠፋል። በገንዘብ መስጠት የሚፈልግም የሚልክበትን ቁጥር እዚያው ያገኛል። ሽሮ የምታመጣ እናት ካለች ሽሮው ለአዲስ ገቢዎቹ ይሂድ፤ እነሱ ምንነቱን ያውቁታል። ጋሼ፣ ይህ ሙሉ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ታክሲ ነጂው፦ አይደለም፣ እህቴ። ሽሮ የአዲስ ገቢውን ኪራይ አይከፍልም። እሑድ ስብሰባው ላይ እመጣለሁ። ከሙዳየ ምጽዋቱ ለአዲስ ገቢዎች የተወሰነ ድርሻ በየወሩ እንዲቆረጥ እጠይቃለሁ፤ ማን እንደወሰደ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ይሁኑ። የመጠለያውን ምግብም ከፈለጋችሁ በኔ መኪና እወስደዋለሁ።

የሒሳብ ባለሙያው፦ ለዚያኛው ድርሻ የመጀመሪያውን ገንዘብ እኔ አዋጣለሁ። ስለ ጣሳው ግን አሁንም አላሳመናችሁኝም።