የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና፦ የሒሳብ ውጤት ወረደ ሲባል ከየት ይጀመራል?

ጥቁር ሰሌዳ (አራዳ)
ሰላም መምህራን። አራት ኪሎ አካባቢ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ 6ኛ ክፍል ሁለት ሴክሽን፣ በድምሩ 60 ተማሪ። የሒሳብ አማካይ ካለፈው ዓመት በ4 ነጥብ ስለወረደ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) «ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁሉም ቲቶሪያል ይሰጥ» ብሏል። ቲቶሪያሉ ባልከፋ፤ ግን ምኑን እናስተምር? እጃችን ላይ ያለው የውጤት ዝርዝር፣ ሮስተር (የክፍል ማርክ መዝገብ) እና ለሞዴል ፈተና የተሞሉት የመልስ ወረቀቶች ናቸው።

ቢጋር
መምህር፣ መጀመሪያ 4 ነጥቡን ይመርምሩት። የልጆቹ ውጤት መበታተን (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) 15 ነው እንበል። 15ን ለ60 ስኩዌር ሩት ሲያካፍሉት 1.9 ገደማ ይሰጣል፤ የአንድ ዓመት አማካይ በአጋጣሚ የሚዋዥቀው በዚህ ያህል ነው። የሁለት ዓመት አማካይ ሲነጻጸር የሁለቱም ዓመት መዋዠቅ (በስኩዌሩ) ስለሚደመር 2.7 ይሆናል፤ በአጋጣሚ የሚመጣ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ እጥፍ አያልፍም፣ እጥፉም 5.4 ነው። እንግዲህ 4 ነጥብ ማስተማሩ ሳይለወጥ፣ ልጆቹ ሌሎች በመሆናቸው ብቻ ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው። «50 እና ከዚያ በላይ ያመጡ» በሚለው መቶኛ ካነጻጸሩማ ይብሳል፦ ግማሽ ያህሉ በሚያልፉበት ክፍል እስከ 18 በመቶ የሚደርስ ልዩነት እንኳ እንዲሁ ሊከሰት ይችላል። 49 እና 50 ያመጡ ሁለት ልጆች በእውቀት አይለያዩም፤ ሪፖርቱ ላይ ግን አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ነው።

ከሮስተሩ ጋር ሲያስተያዩም ነጥብን ከነጥብ ሳይሆን ደረጃን ከደረጃ ያስተያዩ። ሮስተሩ ላይ 80 ያለው ልጅ በፈተናው 50 ቢያመጣ አይግረምዎት፤ የቤት ሥራውም፣ የደብተሩም፣ የተሳትፎውም ማርክ እዚያ ውስጥ አለ። በሮስተሩ ከላይ የተሰለፉት በፈተናውም ከላይ ከሆኑ ችግሩ የማርክ አሰጣጥ ለጋስነት ነው። ሰልፉ ራሱ ከተመሰቃቀለ ግን ክፍል ውስጥ የሚለካውና ፈተናው የሚለካው ሌላና ሌላ ነው።

ዋናው ሥራ ያለው የሞዴሉ መልስ ወረቀት ላይ ነው። ኤክሴል ላይ ተማሪውን ወደ ታች፣ ጥያቄውን ወደ ጎን አድርገው የመረጠውን ፊደል ራሱን ያስገቡ። ትክክልና ስህተት ብቻ ከጻፉ ግማሹን መረጃ ጣሉት ማለት ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ስንት በመቶ እንደመለሰው ያውጡ። ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ በግምት ብቻ 25 በመቶ ይመለሳል፤ እዚያ አካባቢ የቆመ ጥያቄ ይዘቱ አልገባቸውም ማለት ነው። 10 በመቶ ላይ የወደቀው ግን ሌላ በሽታ አለው፦ ወይ የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል፣ ወይ ልጆቹ አንድ ስህተት በደንብ ተምረዋል።

ምሳሌ፦ 3/4 + 1/6። መልሱ 11/12 ነው። ብዙዎቹ 4/10 ከመረጡ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረዋል። 0.35 ከ0.4 ይበልጣል ያለውም 35ን ከ4 ጋር እያወዳደረ ነው። ለእነዚህ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ቲቶሪያል ምን ይፈይዳል?

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጥያቄው ጎበዙን ከደካማው መለየቱን ማየት። በጠቅላላ ውጤት ከላይ 16፣ ከታች 16 ልጆች ይያዙ (27 በመቶው መሆኑ ነው)። አንዱን ጥያቄ ከላይ 13፣ ከታች 5 ከመለሱት ልዩነቱ 8 ለ16፣ ማለትም 0.5 ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከ0.2 በታች ከሆነ ጥያቄውን ይጠርጥሩ። ኔጌቲቭ ከመጣ ከሁሉ በፊት የመልስ ቁልፉን ይመልከቱ።

ፊደል ገበታ
ቢጋር ያሉት ልክ ነው፤ ግን የቃላት ፕሮብሌሞቹን ለብቻ ይለዩአቸው። በቁጥር ብቻ የተጻፈውን «48 ÷ 6» የሚሠራ ልጅ በታሪክ መልክ ሲመጣበት ከወደቀ ሒሳብ ላይሆን ይችላል ችግሩ። መለያው ቀላል ነው፦ አምስት ፕሮብሌም ራሱ አንብቦ ይሥራ፣ ተመሳሳይ ክብደት ያላቸውን ሌላ አምስት እርስዎ ጮክ ብለው ያንብቡለት። ሲነበብለት ብቻ የሚሠራ ከሆነ የሚያስፈልገው የንባብ ልምምድ ነው።

አማርኛ መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ዋና» ውኃ ውስጥ ነው ወይስ አለቃ የሚሆነው? አቀላጥፎ የሚያነብ ከዐረፍተ ነገሩ ያውቀዋል፤ ፊደል በፊደል የሚቆጥር ልጅ ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል።

እርሳስና ላጲስ
ማጥቆሩ ተረሳ እኮ! የመልስ ወረቀቱን የሚያነበው ማሽን ነው። አንድ ጥያቄ ዘሎ መስመሩን ሳይዘል ያጠቆረ ልጅ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ መስመር ይንሸራተትበታል። በሞዴሉ ወረቀት ይህን ማየት ይቻላል፦ ከሆነ ቁጥር ጀምሮ ውጤቱ ድንገት ወድቆ፣ መልሶቹን አንድ መስመር ወደ ታች ሲያንሸራትቷቸው ከቁልፉ ጋር የሚገጥሙ ከሆነ እሱ ነው። በደንብ ያልጠፋ የእርሳስ ርዝራዥም ሁለት መልስ ተብሎ ይሰረዛል። መደበኛ ኤችቢ እርሳስ፣ ንጹሕ ላጲስ፣ ክቡን ሞልቶ ማጥቆር፤ በፎቶ ኮፒ ወረቀት ሦስት አራት ጊዜ ይለማመዱ።

ሰዓቱንም አይርሱ። ለ50 ጥያቄ 60 ደቂቃ ቢሰጥ ለአንዱ 72 ሰከንድ ነው። የመጨረሻዎቹ ስምንት ዘጠኝ ጥያቄዎች ባዶ ከሆኑ ወይም ሁሉም «ሐ» ከሆኑ ልጁ ጊዜ አልቆበታል፤ እነዚያን ጥያቄዎች ይዘቱን አያውቀውም ብለው አይቁጠሩበት።

(ቴሌግራም ላይ «የዘንድሮው ፈተና» እየተባለ የሚሸጠውን ወላጆች እንዳይገዙ ቢነግሯቸው ጥሩ ነው።)

ጥቁር ሰሌዳ (አራዳ)
እናመሰግናለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምር፦ ሞዴሉ ላይ ለክፍልፋይ መደመር የወጣው አንድ ጥያቄ ነው። በእሱ ብቻ ልጆቹን መመደብ ይቻላል?

ቢጋር
አይቻልም። አንዱን ጥያቄ ከአራት አንዱ በግምት ያገኘዋል። ለአንድ ብቃት አራት ጥያቄ ያውጡ፤ ከአራቱ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ በግምት የማግኘት ዕድሉ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት በ15 ደቂቃ ይፈተናል። ከዚያ ልጆቹን በውጤት ደረጃ ሳይሆን በሠሩት ስህተት ዓይነት ከ8 እስከ 10 አድርገው ይመድቧቸው፤ ታህት የሚደምሩት አንድ ላይ፣ አስርዮሽ የሚያምታቱት አንድ ላይ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁጥሮቹን ቀይረው ድጋሚ ይፈትኑ። ያንኑ ወረቀት ከደገሙት የሚለኩት ማስታወሳቸውን ነው።