ፈረሴ ቆሞ ያድራል፣ ፍራሹንም በላው፤ የባለሙያ ምክር እጠይቃለሁ

ጠያቂ፦ አባ ቅደም (ደብረ ብርሃን)

የተከበራችሁ የፈረስ ባለቤቶችና የሙያው አዋቂዎች፣

31 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግዬ ጡረታ ስወጣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው የትውልድ ከተማዬ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። በልጅነቴ የጥምቀት ዕለት አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ጉግስ ከመመልከት በቀር ከፈረስ ጋር ምንም ዓይነት ትውውቅ አልነበረኝም፤ ይሁን እንጂ ሰው ዕድሜው ሲገፋ አንድ ነገር ያምረዋልና ባለፈው መስከረም ግንባሩ ቦራ የሆነ አንድ ዳማ ፈረስ ገዛሁ። አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ እንደተባሉት ሁሉ እኔም በአገራችን ወግ መሠረት ፈረሱን «ቅደም» ብዬ ሰይሜ አባ ቅደም ተብያለሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ በዚህ ስም አልጠራችኝም፤ ፈረሱም እስከ ዛሬ ማንንም አልቀደመም።

መጀመሪያ የዕድሜው ጉዳይ አለ። ሻጩ በገበያ መካከል የፈረሱን ከንፈር ገልጦ «ዕድሜውን ከጥርሱ ይመልከቱ» ስላለኝ፣ እኔም ቁጥር የምፈራ ሰው ስላልሆንኩ፣ ቤት እንደገባን በባትሪ እያበራሁ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩና ሁለቱንም ጊዜ 36 አገኘሁ። 36 ዓመት ለአንድ ፈረስ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ከዚህ የባሰው ደግሞ በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋዎቹ መካከል፣ በላይም በታችም፣ በግራም በቀኝም፣ ጣት የሚያስገባ ባዶ ቦታ መኖሩ ነው። የጎደሉት ጥርሶች ከሽያጩ በፊት ወልቀው ለብቻቸው ተሸጠው ከሆነ በሕግ የመጠየቅ መብት ይኖረኝ ይሆን?

ከዕድሜው ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን የእርሱ እንቅልፍ ነው። በኅዳር ውርጭ አንድ ሌሊት ወደ በረቱ ብወጣ አንዱን የኋላ እግሩን አሳርፎ፣ የታችኛው ከንፈሩ ተንጠልጥሎ፣ እንደ ቆመ ሲያንቀላፋ አገኘሁት። የቀድሞ ባለቤቱ መተኛት ያላስለመደው መስሎኝ በማግሥቱ ሰፊ አስጠርቼ በእርሱ ልክ የገለባ ፍራሽ አሰፋሁለት፤ በላዩም የመንዝ ባና አነጠፍኩበት። በነጋታው ባናው ጥግ ላይ ተጥሎ፣ የፍራሹ ጨርቅ ተተርትሮ፣ ገለባው አልቆ፣ ፈረሱም እንደ ልማዱ ቆሞ ጠበቀኝ። ለፈረስ የሚሆን ፍራሽ ከምን የተሠራ ቢሆን ይመረጣል?

ጉዞውም አልተሳካልኝም። ከአንድ አዛውንት የገዛሁት ኮርቻ ያማረ ቢሆንም እርካቦቹ ከእግር አውራ ጣት በቀር ምንም ነገር አያስገቡም፤ እኔ የምጫማው 43 ቁጥር ስለሆነ የሕፃናት ኮርቻ ተሸጦልኝ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ያም ሆኖ በጥምቀት ዕለት ታቦት ለመሸኘት ኮርቻውን በገዛ እጄ ጫንኩ፤ ጠፍሩንም ትንፋሼ እስኪቆረጥ ድረስ አጠበቅሁት። ከቤቴ ደጃፍ እስከ አስፋልቱ ድረስ እግሮቼን አንጠልጥዬ በክብር ተጓዝኩ። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ግን ዓለም ቀስ እያለች ወደ ግራ ታዘነብል ጀመር፤ ጥቂት ቆይቶም ኮርቻው ከፈረሱ ሆድ ሥር፣ እኔም ከኮርቻው ጋር፣ ሰማዩም በአራት እግሮች መካከል ሆነ። እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው ነገር ቢኖር ኮርቻው ከፈረሱ ወደቀ እንጂ እኔ ከኮርቻው አለመውደቄን ነው። ጉድለቱ የጠፍሩ ነው ወይስ የፈረሱ?

የጎረቤቴ ልጅ ሞተር ብስክሌት 12 የፈረስ ጉልበት አለው አሉ። የእኔ አንድ ፈረስ ስለሆነ የቀረውን 11 ጉልበት ከየት ማግኘት እንደምችል ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ሆዱ ነው። ከጥር ወዲህ በሚታይ ሁኔታ እየሰፋ ስለመጣ ገብሱን በግማሽ ቀነስኩበት፤ ወጪው ሲቀንስ ሆዱ ጨመረ፤ ሒሳቡ አልገጥም አለኝ። አንድ ወዳጄ የበላው ነገር እንዳልተስማማው ገምቶ የሚያስመልስ መድኃኒት እንድግተው መክሮኛል። መጠኑ ስንት ሊሆን እንደሚገባ ታስረዱኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።


መልስ፦ የባለጋሪው ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ጋሼ፣ በጥምቀት ዕለት አስፋልቱ ዳር ስለነበርኩ የምጽፈው ምክርም ምስክርነትም ነው። ሕዝቡ የሳቀው በእርስዎ አልነበረም፤ ፈረሱ አንገቱን ጠምዝዞ ከሆዱ ሥር «እዚያ ምን ይሠራሉ?» በሚል ዓይን ሲመለከትዎት በነበረው ሁኔታ ነው። ሌላ ፈረስ ቢሆን ደንብሮ እስከ ጣርማ በር ይጎትትዎት ነበርና በዚህ ጠባዩ እግዜርን ያመስግኑ።

ጉድለቱ የጠፍሩም የፈረሱም አይደለም። ብልጥ ፈረስ ጠፍር ሲጠብቅበት ትንፋሹን ስቦ ደረቱን ይነፋል፤ እርስዎ አጠበቅሁ ብለው ሲወጡ እርሱ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ያን ጊዜ ኮርቻው የአየር ላይ ኮርቻ ይሆናል። አባቴ ሁልጊዜ አንድ ጊዜ አጥብቆ ጥቂት እርምጃ ያስኬድና፣ ፈረሱ የተዘናጋ ሲመስለው፣ ዳግመኛ ያጠብቃል። በጠፍሩና በቆዳው መካከል ሁለት ጣት ከገባ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ያቆስለዋል።

ኮርቻው የሕፃን ሳይሆን የአያት ነው። የጥንቱ ፈረሰኛ በባዶ እግሩ እየጋለበ እርካቡን የሚይዘው በአውራ ጣቱ ነበር፤ ስለዚህ ወይ 43 ቁጥሩን ያውልቁ፣ ወይ ኮርቻውን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅለው እግር የሚያስገባ እርካብ ያለው ይግዙ። በጥር ብርድ በደብረ ብርሃን ጫማ አውልቀው ይጋልቡ ብዬ ግን አልመክርዎትም፤ ያንን የቻሉ ሰዎች አልፈዋል።

የጉልበቱን ነገር በተመለከተ፣ አንድ የፈረስ ጉልበት የሚባለው 75 ኪሎ የሚመዝን ነገር በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት የሚያስፈልገው ኃይል ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ለገዢዎች ሲያስረዳ ያስለመደው መለኪያ ሲሆን፣ ሙሉ ቀን የሚሠራ ፈረስን ያሰበ ነው እንጂ የፈረስን የመጨረሻ አቅም አያሳይም፤ ሕያው ፈረስ ለአጭር ጊዜ ሲበረታ እስከ 15 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ያወጣል። የጠፋብዎት 11 ጉልበት እዚያው በረትዎ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ በግማሽ ገብስ ግን አይወጣም።


መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም (ሰሜን ሸዋ)

ከሁሉ አስቀድመው ያንን መድኃኒት ከበረቱ ያርቁልኝ፤ ፈረስ ማስመለስ አይችልም። የምግብ ቧንቧውና ጨጓራው የሚገናኙበት ጡንቻ የገባውን ወደ ኋላ የማይለቅ ጠንካራ በር ነው፤ ጨጓራው ደግሞ ለግዙፍ ሰውነቱ የማይመጥን፣ ከ8 እስከ 15 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ነው። ሰውን አንድ ሌሊት አሳምሞ የሚለቅ የሆድ ቁርጠት ፈረስን የሚገድለው በዚህ ምክንያት ጭምር ስለሆነ፣ በፊት እግሩ መሬት እየቆፈረ፣ ጎኑን ዞሮ ዞሮ እያየ፣ ደጋግሞ እየተንከባለለ፣ ያለ ሥራ እያላበውና ፋንድያ መጣል እያቆመ ካዩት ወዳጅዎን ሳይሆን ሐኪም ይጥሩ። የእርስዎ ፈረስ ሆድ ግን እንዲህ ያለ ሆድ አይመስለኝም፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ቆሞ ማንቀላፋቱ ተፈጥሮው ነው። በእግሮቹ ያሉት ጅማቶች መገጣጠሚያዎቹን ስለሚቆልፉለት ጡንቻውን ሳያደክም ቆሞ ያርፋል፤ ጥልቅ እንቅልፍ ሲያስፈልገው ጋደም ይላል፣ ይህም በቀን ተደምሮ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ያውም ደኅንነት ሲሰማው ብቻ። ደረቅ ገለባ መሬት ላይ ቢበትኑለት ይበቃዋል፤ በጨርቅ ጠቅልሎ መስፋቱ ለእርሱ የምሳ ዕቃ ነው።

ወደ ጥርሱ ስመጣ፣ የፈረስ ዕድሜ የሚታወቀው በጥርሱ ብዛት ሳይሆን በጥርሱ አበቃቀልና አላለቅ ነው። የወተት የፊት ጥርሶቹ ከሁለት ዓመት ተኩል ጀምሮ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይለወጡና በአምስት ዓመቱ አፉ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ አዋቂው የሚያየው የማኘኪያው ገጽ ምን ያህል እንደተላገ ነው። ባዶው ቦታ የልጓሙ ብረት የሚያርፍበት የተፈጥሮ ክፍተት ስለሆነ ፍርድ ቤት አያስኬድም። ነገር ግን በዚያ ክፍተት ላይ ወንድ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክራንቻዎች ያበቅልና ጥርሱ 40 ይሆናል፤ ባዝራ ግን ብዙውን ጊዜ ስለማታበቅል 36 ላይ ትቆማለች።

እርስዎ ሁለት ጊዜ ቆጥረው ሁለቱንም ጊዜ 36 አግኝተዋል። ገብስ ሲቀነስ ሆዱ ጨምሯል። የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ድምሩን ለእርስዎ እተወዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ጥርስ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለምና ባትሪውን ይዘው ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሂዱ። ሲሄዱ በቀጥታ ከኋላ አይቅረቡ፤ ፈረስ ከጭራው ኋላ ያለውን አያይምና ድምፅዎን እያሰሙ፣ እጅዎን ከጎኑ ሳያነሡ ይጠጉ። ገብሱንም ዛሬውኑ ይመልሱላት።


መልስ፦ የመንዝ እናት

ልጄ፣ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ስታነብልኝ ፍራሹ ጋ ሳቅሁ፤ ባናው ጋ ግን ሳቄ ቆመ። ባና ማለት በግ ተሸልቶ፣ ሱፉ ተፈትሎ፣ ሸማኔ ወገቡን ይዞ የሚሠራው ነገር ነው፤ ከፈረስ እግር ሥር የሚነጠፍ ነገር አይደለም። አጥበህ ለሚስትህ መልስላት፤ በፈረስ ስምህ ያልጠራችህ በዚህ ምክንያት ይሆናል። ፈረስ የውርጩን ብርድ በጠጉሩ ይችላል፤ የሚጎዳው ዝናብና ነፋስ አንድ ላይ ሲመቱት ነውና ጣራና ደረቅ መሬት ስጠው።

ባዝራ ሆና ብትገኝ ስለ ስምህ አትጨነቅ። «አባ» የሚባለው ባለቤቱ ነው እንጂ ፈረሱ አይደለም፤ እርሷን «ቅደሚ» ብትላት አንተ አባትነትህ አይነካም።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ በሻጩ ደጅ ከእርሷ ጋር ምን ታስሮ ነበር? ባዝራ 11 ወር ስለምትሸከም መስከረም ላይ ስትገዛት አርግዛ ይሆናል። አባቱ አህያ ከሆነ የምትወልደው በቅሎ ነው፤ ያ ደግሞ ከ11 ወር ጥቂት ይገፋል። በቅሎን «አባትህ ማነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ እየተባለ ይሳቅበታል፤ እኔ ግን ዋሸ ብዬ አላውቅም፤ የእናቱ ወንድም አጎቱ ነዋ። በእኛ አገር ገደል በበቅሎ እንጂ በፈረስ አይወረድምና በቅሎ ከሆነልህ በዋጋም አትከስርም።


ጠያቂ፦ አባ ቅደም (ደብረ ብርሃን)

የተከበራችሁ መላሾች፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ባትሪዬን ይዤ፣ በጎን በኩል እያወራሁ ቀርቤ ምርመራውን አከናውኛለሁ። ፈረሱ ባዝራ ነው። ይቅርታ፣ ፈረሷ ባዝራ ናት። አምስት ወር ሙሉ ጥርስ ስቆጥር ሌላውን ገጽ ሳልገልጥ መቅረቴን ለሙያ ባልደረቦቼ እንዳትነግሩብኝ እለምናለሁ። ገብሱ ተመልሷል፤ ባናውም ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

ለእናቴ ጥያቄ የምመልሰው፣ በሻጩ አጥር በኩል ጆሮዎቹ ረጃጅም፣ ድምፁም ከፍተኛ የሆነ አንድ እንስሳ አንገቱን አሻግሮ ሲመለከተን እንደነበረ ትዝ ይለኛል። ያን ዕለት ሌላ ዓይነት ፈረስ መስሎኝ ነበር።


መልስ፦ ሻጩ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዳማዋን የሸጥኩልዎት እኔ ነኝ። ወንድ ነው ብዬ አልሸጥኩም፤ ፈረስ ነው ብዬ ሸጥኩ፣ ባዝራም ፈረስ ናት። ከንፈሯን የገለጥኩት እኔ ነኝ፤ ጭራዋን መግለጥ የገዢ ሥራ ነበር፣ እርስዎ ግን ለባትሪ ወደ ቤትዎ ቸኮሉ።

አህያው የጎረቤቴ ነው። አጥሩን ክረምት ላይ ጥሶ ሁለት ሌሊት እኛ በረት አድሯል፤ ያንጊዜ የተበላው ድርቆሽ ብቻ መስሎኝ ከጎረቤቴ ጋር በሽማግሌ ታርቄ ዝም ብያለሁ። ስለዚህ እባክዎ ውርንጭላው እንደተወለደ ጆሮውን በሜትር ለክተው እዚሁ ይጻፉልኝ፤ አጭር ከሆነ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ረጅም ከሆነ ግን ከጎረቤቴ ጋር የድርቆሹን ሒሳብ እንደገና ስለምንከፍት እርስዎም በሒሳብ ሠራተኛነትዎ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዲቀመጡልን እንፈልጋለን።