በጉንፋን ሰሞን ለቡሄ ልጆች ከረሜላ እንዴት ልስጥ? እናቴ አስም አለባት

ጥያቄ፦ የሆጤዋ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ቡሄ ደርሷል። እኛ ሰፈር ልጆቹ ነሐሴ 12 ማታ ሆያ ሆዬ ማለት ይጀምሩና እስከ 13 ድረስ አንዱ ቡድን ሲወጣ ሌላው ይገባል። እኔ ከሙልሙሉ ሌላ ከረሜላ በሰፊ ሳህን አቀርብላቸዋለሁ፤ እያንዳንዱ እጁን ሰዶ የቻለውን ዘግኖ ይሄዳል። ዘንድሮ ግን ሰፈሩ ሁሉ እያሳለ ነው። የግቢያችን ልጆች ንፍጣቸውን በእጅጌያቸው ሲጠርጉ ነው የሚውሉት። አንዷማ ትኩሳት ይዟት ከተኛች ሰነበተች።

የሚያሳስበኝ የእናቴ ነገር ነው። ዕድሜዋ ከ70 አልፏል፣ አስምም አለባት። ልጆቹ ጨፍረው ሲያበቁ ቤት ዘልቀው ጉልበቷን ይስማሉ፣ እሷም አንድ በአንድ ትመርቃቸዋለች። ዘንድሮ ይቅርብሽ ብላት ቅር ይላታል። ልጆቹን ባዶ እጃቸውን ለመመለስ ደግሞ አንጀቴ አይችልም። ከረሜላውን ልተወው? ብሰጥስ እንዴት ልስጥ? የምታውቁ ምከሩኝ።

ባለሱቅ፣ ሰኞ ገበያ

ከረሜላውን ተይውና ብር ስጪ። ዝርዝሩን ቀድመሽ አዘጋጅተሽ ለአውራጁ ማስያዝ ነው። ሳህን የለ፣ መዝገን የለ። ልጆቹም ቢጠየቁ የሚመርጡት ብሩን ነው።

ነርሷ፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ ባለሱቅ፣ ብሩም እኮ ስንት እጅ ዞሮ ነው ልጁ ጋ የሚደርሰው። ብር በቆጠረበት እጅ ሙልሙሉን ይቆርሳል። ስለዚህ ከረሜላውን በብር መለወጡ ብቻውን ብዙ አይጠቅማትም።

እህቴ፣ ዋናው መተላለፊያ ትንፋሽ ነው። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያወራና ሲዘፍን ከአፉና ከአፍንጫው በሚወጣው ፍንጣቂ ነው በሽታው የሚጋባው። ሆያ ሆዬ ደግሞ ጉሮሮ እስኪዘጋ የሚጮህበት ጨዋታ ነው። እናንተ ደሴዎች በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ በርና መስኮት ጥርቅም አድርጋችሁ ትቀመጣላችሁ። እዚያ ሳሎን ውስጥ አሥር ልጅ ተጠጋግቶ ሲዘፍን እናትሽ የምትስበው አየር እነሱ ያወጡትን ነው። ስለዚህ ጭፈራው ደጅ ይሁን፤ በዝናብ ቀን ቢበዛ በረንዳ ላይ።

የታመመ አይምጣ ብሎ ማስነገሩ ጥሩ ነው፣ ግን አትተማመኝበት። ሰው ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ከታመመም በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን ድረስ ይዘልቃል፣ በሕፃናት ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ማታ ሲዘል ያየሽው ልጅ ጠዋት ትኩሳት ይዞት ሊነሳ ይችላል።

ከረሜላውን መስጠት ትችያለሽ። ሳህኑን ግን ተይው። ንፍጡን የጠረገበት እጅ ከረሜላውን ሁሉ አተራምሶ አንዷን ይዞ ይወጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ የተነካካውን ያነሳና ልባሱን በጥርሱ ይቀደዋል። ቫይረሱ እንደ ፕላስቲክና ብረት ባለ ነገር ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ የየድርሻቸውን ቀድመሽ በትንንሽ ወረቀት ጠቅልለሽ ራስሽ ስጫቸው። እጃቸው ሳህን ውስጥ አይግባ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጉንፋኑ ባይተናነስም ማንም አያነሳውም። ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ጠንካራ ከረሜላ አትስጪ። አፉ ውስጥ ይዞ ሲዘልና ሲጮህ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባበት ይችላል። ለትንንሾቹ ብስኩት ይበቃል። ደግሞ ትልቁ ልሶ ልሶ ከአፉ አውጥቶ ለታናሹ ሲያጎርስ ስንቴ አይተናል! ለእያንዳንዱ የራሱ ይኑረው።

የሸዋበር እናት

አብሽሪ እህቴ፣ ይሄ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። እኛም በኢድ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከረሜላ እናድላለን፤ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጆችም አብረው ነው የሚመጡት። እኔ የማደርገው ከረሜላ፣ ብስኩትና አንድ ሶፍት በአንድ ወረቀት ጠቅልዬ ጫፉን እጠመዝዘዋለሁ። ሶፍቱን ስሰጥ ሲያስሉ አፋቸውን እንዲሸፍኑበት እነግራቸዋለሁ። ልጅ ከትልቅ ሰው በእጁ ሲቀበል ምክሩንም ይሰማል።

በሩ ጋ ቧንቧ ያለው ጀሪካንና ሳሙና አስቀምጪ። ታጥቦ የመጣ ይቀበላል ብለሽ አንዴ ብትናገሪ ተሽቀዳድመው ነው የሚታጠቡት።

የሰፈሩ ወጣት፣ ቧንቧ ውሃ

ከልጆቹ አውራጅ ጋር ቀድመሽ ብትነጋገሪ ይቀልሻል። ትልቁ ልጅ እሱ ነው፣ አኮፋዳውን የሚይዘውም ብዙ ጊዜ እሱ የሚመርጠው ነው። ቤት አትግቡ፣ እማማ በመስኮት ይመርቋችኋል ካልሽው ሌሎቹ ቃሉን አያልፉም። ሙልሙሉንም በጅምላ አኮፋዳው ውስጥ ከምትጨምሪው አንድ አንዱን ጠቅልለሽ ስጪው፤ ኋላ ሲካፈሉ መቆራረስ አይኖርም። ለታመመችዋ ልጅም ድርሻዋን ለይተሽ ለእናቷ ላኪላት። ሁሉም ሲጨፍር እሷ ከመኝታዋ ሆና ድምፁን ትሰማለች እኮ።

አባባ፣ ከፒያሳ

ልጄ፣ በእናትሽ አትሟገች። ዕድሜ ለገፋ ሰው የጉንፋን ነገር ቀልድ አይደለም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው ለምን ይመስልሻል? በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ይሄው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ቤተሰብ ሙሉ የፈጀበት ቤት እንደነበር ከታላላቆቻችን ሰምተናል።

ወንበሯን መስኮቱ አጠገብ አድርጊላት፣ ጋቢዋን ደርባ ትቀመጥ። ልጆቹ ከደጅ ሆነው ይዝፈኑ፣ እሷ እጇን ዘርግታ ትመርቃቸው። ምርቃት ከሩቅም ይደርሳል። አንቺ ከምትነግሪያት ግን እሷ የምታከብረው ሰው ቢነግራት ይሻላል፤ የነፍስ አባቷን ጠይቂያቸው።

የሮቢት እናት

እኔ ልጆቼን ለጥንቃቄ ብዬ በዓሉ ሳይደርስ አሞክሳሲሊን ላስጀምራቸው አስቤያለሁ። ለሚመጡት ልጆችም ወላጆቻቸው ቢያደርጉ ጥሩ አይመስላችሁም?

ነርሷ፣ ኮምቦልቻ

እባክሽ እህቴ፣ እንዳታደርጊው። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን ነው የሚገድለው፤ ኢንፍሉዌንዛም ሆነ ተራው ጉንፋን ግን የሚመጡት በቫይረስ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሰጠሽው ቁጥር የምታሳድጊው መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ነው፤ የእውነት በሚያስፈልግበት ቀን አይሠራልሽም። ለትኩሳት በልጁ ክብደት ልክ ፓራሲታሞል፣ ፈሳሽ በብዛትና ዕረፍት። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፤ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ሲገጣጠም ጉበትና አንጎልን የሚጎዳ አደገኛ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ማር ሳሉን ያለዝብለታል፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ክልክል ነው።

ልጁ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ሲጠሩት ካልነቃ ነገ ድረስ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው የምንለው። ተኝቶ ሳለ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ።

የሆጤዋ (ጠያቂዋ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። አውራጁን ዛሬውኑ አነጋግረዋለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሙልሙሉን በምን ልጠቅልለው፣ ጋዜጣ ይሆናል? ደግሞ ውሃችን በፈረቃ ነው፤ የዚያን ቀን ባይመጣስ?

የሸዋበር እናት

በጋዜጣ አትጠቅልዪ፣ ቀለሙ ይለቃል። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ከሱቅ ግዢ። ትኩሱን ደግሞ ፌስታል ውስጥ አትክተቺ፤ ያልበውና ይሻግታል። መጀመሪያ በደንብ ይብረድ። ውሃውን በመጣበት ቀን በጀሪካን ያዢ፤ እጅ ለማስታጠብ ብዙ አይፈጅም። ጭራሽ ከጠፋ ግን አልኮሉ 60 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ሳኒታይዘር ገዝተሽ አንቺው በየእጃቸው ጠብ አድርጊላቸው፤ ጠርሙሱን አትስጫቸው።

ነርሷ፣ ኮምቦልቻ

የችቦውን ጭስ ሁላችንም ዘንግተነዋል። ለአስም ከልጆቹ ሳል ያልተናነሰ ጠንቅ እሱ ነው። ችቦው ከመስኮቷ ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ወደ ቤት በማይነፍስበት በኩል ይለኮስ። ከሰሉንም ዘግታችሁ አትሙቁ፤ ብርድ ከሆነባት ልብስ ደርቡላት። የምትስበው የአስም መድኃኒት ምን ያህል እንደቀራት ዛሬውኑ እይ፤ ካነሰ ከበዓሉ በፊት ግዢ፣ በበዓል ቀን ፋርማሲ ሊዘጋባችሁ ይችላል።