ለ12 ቀናት ዱባይ ስቆይ የስልክ ወጪዬን እንዴት ልቀንስ?

ጥያቄ፦ ባለመጋረጃዋ፣ ቸርችል ጎዳና

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በቸርችል ጎዳና አካባቢ የመጋረጃ ጨርቅ በመሸጥ የምተዳደር ነጋዴ ነኝ። በሚቀጥለው ወር ለ12 ቀናት ወደ ዱባይ ተጉዤ፣ ዴይራ ውስጥ ከሚገኙ የጅምላ ሱቆች ጨርቅ አይቼና ዋጋ ጠይቄ ለመመለስ አቅጃለሁ። ከአገር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ቲኬቱንና ማረፊያውን ከጨረስኩ በኋላ ያልተቋጨልኝ ነገር የስልኬ ጉዳይ ብቻ ነው።

ስልኩን የምፈልገው ለሦስት ነገር ነው። ከሁሉም የሚበልጥብኝ የእናቴ ጉዳይ ነው፤ ዕድሜዋ 76 ሆኗል፣ የደም ግፊት አለባት፣ ማታ ማታ ድምፄን ሳትሰማ አትተኛም። ከዚያ ሱቁ አለ፤ ረዳቴ ደንበኛ የሚጠይቀውን ጨርቅ ፎቶ እያነሳች ትልክልኛለች፣ የቴሌብርና የባንክ የማረጋገጫ ኮዶችም የሚመጡት በእኔ ቁጥር ነው። በማላውቀው ከተማ ያለ ካርታ መንቀሳቀስም ያስፈራኛል።

ያማከርኳቸው ሰዎች የነገሩኝ እርስ በርሱ አልገጠመልኝም። አንዷ ወዳጄ የኢትዮጵያ ቁጥሬን እንደያዝኩ ሄጄ ሮሚንግ ብቻ፣ ማለትም ቁጥሬ በውጭ አገር ኔትወርክ እንዲሠራ የሚያደርገውን አገልግሎት፣ እንዳስከፍት መከረችኝ። የጎረቤቴ ባለሱቅ ግን በሮሚንግ አንድ ጥሪ አንስቶ ሰላምታው ሳያልቅ ሒሳቡ እንዳለቀበት ነገረኝ። ሌላው ደግሞ ዋትስአፕ እዚያ አገር ጭራሽ እንደማይሠራና የኢንተርኔት አድራሻን የሚደብቅ ቪፒኤን የሚባል መተግበሪያ ጭኜ መሄድ እንዳለብኝ አጥብቆ አሳሰበኝ። ስልኬ እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ አይፎን 13 ሲሆን አሁን የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ይሠራበታል። ልምዱ ያላችሁ ብትመሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ መንገደኛው፣ ለገሃር

እህቴ፣ ጎረቤትዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ምክንያቱን ካወቁት ደግሞ የቀረው ሁሉ ይቀልልዎታል። አንድ ደንበኛ ከአዲስ አበባ ሲደውልልዎ እርስዎ የት እንዳሉ ስለማያውቅ የሚከፍለው እንደ ወትሮው የአገር ውስጥ ሒሳብ ነው፤ ጥሪው ከዚህ ተነስቶ እስከ ዱባይ የሚሻገርበት ወጪ ግን በተቀባዩ፣ ማለትም በእርስዎ ላይ ይወድቃል። በሮሚንግ ላይ ያለ ሰው ሲደውልም ሲደወልለትም የሚከፍለው ስለዚህ ነው። ዳታውም እንዲሁ ነው፤ በአገር ቤት ጥቅል የለመደ እጅ በሮሚንግ ዳታ አንድ ቪዲዮ ከከፈተ ይጸጸታል።

ስለዚህ የስልኩን ሥራ ለሁለት ይክፈሉት። የኢትዮጵያ ቁጥርዎ ኮድና አጭር መልእክት ለመቀበል ብቻ ይሁን፤ ጥሪ አያንሱበት፣ ዳታም አይክፈቱበት። ሮሚንጉ መከፈቱን፣ አጭር መልእክት መቀበል የሚያስከፍል መሆን አለመሆኑንና የደቂቃውን ዋጋ ከመነሳትዎ በፊት ከኩባንያው ቢሮ ሄደው ይጠይቁ፤ ጥቂት ሒሳብም ይተዉበት። ቢያልቅም ረዳትዎ በቴሌብር ልትሞላልዎ ትችላለች። ለዳታውና ለከተማው ጥሪ ግን እዚያው አገር የሚሸጠውን የጎብኚ ሲም ይግዙ። በገበያው የሚታወቁት ቀድሞ ኢቲሳላት ይባል የነበረው ኢ ኤንድ (e&) እና ዱ የተባለው ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ መሸጫ አላቸው፣ ሲሙም በፓስፖርት ይመዘገባል።

ዴይራ ውስጥ፣ በተለይም ናይፍ አካባቢ፣ መንገድ ላይ ሲም ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ያጋጥሙዎታል፤ አይግዙ። በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ሲም ባለቤቱ ባዘጋበት ቀን ከነገንዘብዎ ይቀራል፤ በቁጥሩ ከዚያ በፊት ምን እንደተሠራበትም አያውቁም። በስምዎ ያወጡትንም ሲመለሱ ለማንም ሰጥተው አይምጡ።

የዋትስአፑን ነገር ላስተካክል። ጽሑፉ፣ ፎቶውና የድምፅ መልእክቱ በሚገባ ይሠራሉ፤ የታገደው የድምፅና የቪዲዮ ጥሪው ነው። ጨርቅ ሻጮቹ ሁሉ የሚጻጻፉት በዋትስአፕ ስለሆነ ለሥራዎ አይቸገሩም። ለጥሪ በአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ የተፈቀዱ መተግበሪያዎች አሉ፤ የእኛ ሰዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት ቦቲም ነው፣ ዙምም ይሠራል። ሁለቱም ወገን መተግበሪያው ሊኖረው ስለሚገባ እርስዎም የቤት ሰዎችም አዲስ አበባ እያላችሁ ጫኑትና ከክፍል ወደ ክፍል እየተደዋወላችሁ ሞክሩት።

የእኔን ስህተት ልንገርዎ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ስልኬ ባለ አንድ ሲም ነበር። የአገሬን ሲም በባለቤቴ የጆሮ ጌጥ ሚስማር አወጣሁና በሶፍት ጠቅልዬ ከአልጋዬ ራስጌ አስቀመጥኩት። ከገበያ ስመለስ ክፍሉ ተጠርጓል፣ አልጋው ተነጥፏል፣ ሶፍቱ የለም። ሰባት ቀን ሙሉ የባንክ ኮድ መቀበል አልቻልኩም፤ ለሾፌርም ለጫኝም የምልከው ብር ተቆልፎብኝ ወንድሜ ከኪሱ ሸፈነልኝ። ከዚያ ወዲህ የማወጣትን ሲም በፕላስተር ከፓስፖርቴ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ አጣብቄ እይዛለሁ።

መልስ፦ የስልክ ጠጋኙ፣ ፒያሳ

ከላይ ያለው ወንድሜ ዋናውን ነገር ብሏል፤ እኔ በሙያዬ በኩል ያለውን ልጨምር። የእርስዎ ስልክ በጣም ምቹ ነው፣ ምክንያቱም አይፎን 13 አንድ የሲም ማስገቢያና ኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) አብሮ አለው። የኢትዮጵያውን ሲም ሳይነኩ የዱባዩን በኢሲም ይውሰዱ፤ በመሸጫው ‘ኢሲም ይሁንልኝ’ ማለት ነው፣ የሚሰጡዎትን ኪውአር ኮድ በካሜራው ያነቡታል። *#06# ሲደውሉ ከሚወጡት ቁጥሮች መካከል ኢአይዲ የሚል ካለ ስልኩ ኢሲም ይቀበላል ማለት ነው፤ ይህ ለሌሎች አንባቢዎችም ይጠቅማል። ከአሜሪካ የመጣ አይፎን 14ና ከዚያ በኋላ የወጣ ግን የሲም ማስገቢያ ጭራሽ ስለሌለው ባለቤቶቹ ሌላ ዝግጅት ያስፈልጋቸዋል።

ከአሜሪካ የተላከ ስልክ ሁሉ ላይ አንድ ነገር ይታይ። በሴቲንግ ውስጥ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት ብለው ገብተው ‘ካሪየር ሎክ’ የሚለውን መስመር ያንብቡ። ‘ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ’ ካለ የየትኛውንም አገር ሲም ይቀበላል። አንዳንድ ተቆልፎ የመጣ ስልክ በብልሃት የአገር ውስጥ ሲም ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ይሸጣል። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ሌላ አገር ደርሶ አዲሱ ሲም እምቢ ሲለው ነው፤ እንዲህ ሆነው ተመልሰው እኔ ጋ የመጡ ጥቂት አይደሉም።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ይህ ነው፦ ሁለት ሲም የያዘ ስልክ የአንዱ ኔትወርክ ሲደክም በሌላው ዳታ ራሱ ይቀጥላል። በአይፎን ላይ ሴሉላር ዳታ በሚለው ስር ያለውን ‘አላው ሴሉላር ዳታ ስዊቺንግ’ ያጥፉት። በኢትዮጵያው መስመር ላይ ያለውን የዳታ ሮሚንግም ያጥፉ። ሁለቱም ካልጠፉ ሊፍት ውስጥ ወይም ምድር ቤት ባለ ሱቅ ውስጥ ሳሉ ስልኩ ወደ ውዱ መስመር ሊሻገርብዎት ይችላል።

የጥሪ ማስተላለፊያ ካለም ያንሱት። ያልተነሳ ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር እንዲያልፍ ተደርጎ ከሆነ ጥሪው መጀመሪያ ዱባይ ይደርሳል፣ ሳይነሳ ሲቀር ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ ስልኩን ሳይነኩት በሁለት አቅጣጫ የውጭ ሒሳብ ሊቆረጥብዎ ነው። ##002# ብለው ሲደውሉ ማስተላለፊያው ሁሉ ይሰረዛል፤ ይህን እዚሁ ሳሉ ያድርጉት።

ሲም ሲጨምሩ ዋትስአፕ ‘ቁጥርህን ትቀይራለህ?’ ብሎ ቢጠይቅ እምቢ ይበሉት፤ በአሮጌው ቁጥርዎ ይቀጥላል፣ ደንበኞችዎም አይጠፉብዎትም። የከተማውን ካርታ በቤትዎ ዋይፋይ አውርደው ይሂዱ። ዴይራን በእግር ለመዞር ዳታ እንኳ አያስፈልግዎትም፣ ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት ነውና። ቴሌግራም ግን ፎቶና ቪዲዮ ራሱ እንዳያወርድ ዝጉበት፤ የረዳትዎን ፎቶ ስትፈልጊ ነክተሽ ታወርጃለሽ። (አንቺ ስላልኩ ይቅርታ፣ ሱቅ ውስጥ የለመደብኝ ነው።)

መልስ፦ የአራት ኪሎዋ እናት

እህት ዓለም፣ ሁለት ልጆቼ ዱባይ ስለሚኖሩ ስመላለስ ብዙ ጊዜዬ ነው። ወንድሞቼ የተናገሩትን አልቃወምም፤ በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ። ሲሙን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በጥድፊያ አትግዢ። በመጀመሪያ ጉዞዬ ሌሊት ደረስኩ፣ ደክሞኛል፣ ሻንጣዬን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ፓስፖርቴን ሰጠሁ፤ ልጁ ትልቁን ጥቅል አወጣልኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በልጄ ቤት ዋይፋይ ስጠቀም ከርሜ አብዛኛው ዳታ ሳልነካው ቀኑ አለፈበት። የጎብኚ ጥቅል ብዙውን ጊዜ የ28 ቀን ነው፤ አንቺ የምትቆዪው 12 ቀን፣ ማታም ሆቴል ነሽ። በአውሮፕላን ማረፊያው ነጻ ዋይፋይ አለ፤ መድረስሽን በዚያ ጽፈሽ ወደ ማረፊያሽ ሂጂ፣ ጠዋት ከኩባንያው ሱቅ ተረጋግተሽ ዋጋ አነጻጽረሽ ግዢ። የሆቴሉን ስምና አድራሻ ግን በወረቀት ያዢ። ትልልቆቹ የገበያ አዳራሾችም የሜትሮ ጣቢያዎቹም ዋይፋይ አላቸው፤ አንዳንዱ ለመግባት ኮድ በስልክ ስለሚልክ የአገሩ ቁጥር ኖሮሽ ብትጠቀሚበት ይሻላል። የባንክ ሒሳብሽን ግን በሕዝብ ዋይፋይ አትክፈቺ።

ዋጋ ሲነግሩሽ በጭንቅላትሽ ለማስላት፣ ድርሃም ከዶላር ጋር የተቆራኘ ገንዘብ ነው፤ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ገደማ ነው፣ ይህም ለዓመታት አልተለወጠም።

ቪፒኤን ጫኚ ያለሽን ሰው አትስሚው። በ2021 የወጣው የአገሪቱ የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ወንጀሉ እንዳይታወቅ ለማድረግ የኢንተርኔት አድራሻን የሚያጭበረብር ሰው በእስራትና ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም በሚደርስ መቀጫ፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ለንግድ የሄደች ሴት የተፈቀደ መተግበሪያ እያለላት ወደዚህ ምን አስጠጋት?

አንድ ነገር ሳልዘነጋ፦ እዚያ ሰዓቱ ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። እናትሽ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ስልክ ስትጠብቅ አንቺ ጋ ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ ያ ሰዓት ደግሞ ዴይራ ገበያ የሚደራበት ስለሆነ አስቀድመሽ አስቢበት።

የጠያቂዋ ምላሽ፦ ባለመጋረጃዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት የተባለውን ሁሉ ሞከርኩ። ስልኬ አልተቆለፈም፣ ኢአይዲ የሚለው ቁጥርም ወጣ፣ የጥሪ ማስተላለፊያውንም ሰረዝኩ። ለደንበኞቼ ከ12 ቀን በፊት እንዳይደውሉና ጉዳያቸውን እንዲጽፉልኝ መልእክት አዘጋጅቻለሁ። ሲሙንም እንደ አራት ኪሎዋ እናት ምክር ጠዋት ከከተማ እገዛለሁ። የቀረኝ የእናቴ ነገር ነው። እሷ የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ቦቲም የሚባል ነገር አይጫንበትም። የወንድሜ ልጅ ዘመናዊ ስልክ ቢኖራትም ከዩኒቨርሲቲ የምትመለሰው አንዳንድ ቀን መሽቶ ነው።

መልስ፦ መንገደኛው፣ ለገሃር

የወንድምዎ ልጅ ቤት በምትገኝባቸው ቀናት በቦቲም ፊት ለፊት ይተያዩ፤ በሌሎቹ ቀናት በዱባዩ ቁጥርዎ በቀጥታ ወደ እናትዎ ባለ ቁልፍ ስልክ ይደውሉ። ለዚህ ሲሙን ሲገዙ ዳታ ብቻ ያለበትን ሳይሆን የውጭ አገር ደቂቃ የተካተተበትን ጥቅል ይጠይቁ፣ ደቂቃውም ለኢትዮጵያ የሚሠራ መሆኑን አስረግጠው ያረጋግጡ፤ ‘ኢንተርናሽናል’ የሚለው ቃል ለተወሰኑ አገሮች ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለና። ያለ ጥቅል በቀጥታ ወደ አገር ቤት መደወል ውድ ነው። ሲደውሉም ከቁጥሯ ፊት ያለውን ዜሮ አንስተው +251 ይጨምሩበት።

ከመሄድዎ በፊት ደግሞ አብረዋት ቁጭ ብለው፣ በ971 የሚጀምር ቁጥር ሲደወልላት የእርስዎ መሆኑን ይንገሯት፤ በትልቁ ጽፈው ከአልጋዋ አጠገብ ቢለጥፉት ይመረጣል። የእኔ እናት የማታውቀውን የውጭ ቁጥር አታነሳም ነበርና ሦስት ማታ ሙሉ ‘ልጄ ጠፋ’ እያለች ቤተሰቡን አስጨንቃለች። ሳታነሳው ካመለጣትም መልሳ እንዳትደውል፣ እርስዎ ራስዎ ደግመው እንደሚደውሉ ይንገሯት፤ እሷ ከደወለች ሒሳቡ የውጭ ጥሪ ነው፣ ካርዷንም ይጨርስባታል።